«ገልብጠህ ውሰድ»፦ ከ15ኛው ክፍለ ዘመን ጽሑፍ ገመድ መጎንጎን የተማርኩበት መንገድ

የሠራሁትን ገመድ ከመንጠቆው ላይ አውርጄ ሳብ ሳደርገው ለሁለት ተከፈለ። አልተበጠሰም፣ አልተፈታምም። አንድ ክብ ገመድ እጎነጉናለሁ ብዬ ሁለት ሰዓት ሙሉ የደከምኩበት ሥራ፣ ጫፍና ጫፉ ላይ ብቻ የተያያዙ ሁለት ስስ ጉንጉኖች ሆኖ ቁጭ አለ፤ አንዱ ቀይ፣ አንዱ ነጭ። ከሁሉ የገረመኝ ደግሞ ሁለቱም እንከን የማይወጣላቸው መሆናቸው ነው። ስህተት ቢሆን ኖሮ የሆነ ቦታ ላይ መንሻፈፍ፣ የሆነ ቦታ ላይ መላላት ነበረበት። ክሮቹን ወንበር ላይ ጣልኳቸውና ሻይ ልጥድ ተነሣሁ።

ይህን የምጽፈው እንዲህ ያለ ምሽት ለሚጠብቀው ሰው ነው። ገመዱን ለመጎንጎን ከክር፣ ከአንድ መንጠቆና ከአሥር ጣት በቀር የሚያስፈልግ ነገር የለም። እንቅስቃሴውንም አንድ የሚያውቅ ሰው አጠገባችሁ ተቀምጦ ቢያሳያችሁ በሩብ ሰዓት ይገባችኋል። እኔ ግን የሚያሳየኝ ሰው አልነበረኝም። የነበረኝ ጽሑፉ ብቻ ነበር፤ ጽሑፉም አጠገቤ የሚያውቅ ሰው እንደተቀመጠ አድርጎ የሚናገር ጽሑፍ ነው።

የምሠራው ለንደን ውስጥ ልብስ በሚያስተካክል አንድ ትንሽ ሱቅ ውስጥ ነው፤ ሱሪ ማሳጠር፣ ዚፕ መቀየር፣ የሙሽራ ልብስ ማጥበብ። አንድ ቀን አንዲት ደንበኛ በ15ኛው ክፍለ ዘመን አሠራር የተሰፋ ቀሚስ ይዛ መጣች። የድሮ ዘመን ልብስ ለብሰው በዓል ከሚያሳዩት ሰዎች አንዷ ናት። ቀሚሱ ቁልፍ የለውም፤ ደረቱ ላይ ግራና ቀኝ በተበሱ ቀዳዳዎች ውስጥ ገመድ እየተመላለሰ ነው የሚታሰረው። ገመዱ ተበጥሶባታል። ከመሳቢያው ውስጥ በማሽን የተሠራ ጥሩ ገመድ አውጥቼ ባሳያት፣ ዶሮ ወጥ ላይ ስኳር ልጨምርልሽ ያልኳት ይመስል ፊቷ ተለዋወጠ። በዚያ ዘመን እንዲህ ያለው ገመድ በጣት ይጎነጎን እንደነበር፣ አሠራሩን በቃላት የሚተርክ መጽሐፍም ብሪቲሽ ላይብረሪ ውስጥ እንዳለ የነገረችኝ እሷ ናት።

ያንን ቤት በሌላ ምክንያት አውቀዋለሁ። በ2018 (እ.ኤ.አ.) የግዕዝ የብራና መጻሕፍት ለሕዝብ ዕይታ በቀረቡ ጊዜ ከቤተ ክርስቲያን ሰዎች ጋር ሄጄ ነበር። በ1868 ከመቅደላ ከወጡት መጻሕፍት ብዙዎቹ የሚገኙት እዚያ ስለሆነ፣ መስታወቱ ፊት ቆመን የተሰማንን እዚህ አላነሣውም፤ ሌላ ጽሑፍ ይፈልጋል። ብቻ እዚያ ቤት የእኛ መጻሕፍት እንዳሉ እንጂ የገመድ አጎናጎን የሚያስተምር መጽሐፍ ይኖራል ብዬ አስቤ አላውቅም።

የመጽሐፉ መለያ «ሀርሊ 2320» ነው። ሀርሊ የሰብሳቢዎቹ ስም ነው፤ ሮበርት ሀርሊና ልጁ ኤድዋርድ ያከማቿቸውን የእጅ ጽሑፎች ፓርላማው በ1753 ለሕዝብ ገዝቷቸው ለብሪቲሽ ሙዚየም መመሥረቻ ከሆኑት ስብስቦች አንዱ ሆኑ። መጽሐፉ ራሱ የ15ኛው ክፍለ ዘመን ነው። ከፊት የዓመቱ የበዓላት መቁጠሪያ አለው፤ ቀጥሎ በዚህ ኮከብ የተወለደ እንዲህ ይሆናል፣ በዚህች ጨረቃ እንዲህ ያለውን ሥራ ጀምር የሚል ነገር ይመጣል። የኮከብ ቆጠራ መጽሐፍ አይቶ ለሚያውቅ አበሻ እንግዳ አይደለም። ከ52ኛው ቅጠል ጀምሮ ግን በድንገት ወደ ገመድ ይገባል፤ አርባ የሚጠጉ የአጎናጎን ዓይነቶችን አንድ በአንድ ይዘረዝራል። አንድም ሥዕል የለውም። ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ቃል ብቻ ነው።

የመጀመሪያው ወጥመድ ቃላቱ ናቸው። ገመዱን የሚጠራው «ሌስ» እያለ ነው። እኔ በልብስ ሥራ ውስጥ ያለሁ ሰው ነኝና «ሌስ» ሲባል የማውቀው ዳንቴልን ነው፤ አንድ ሙሉ እሑድ በቀዳዳ የተሞላ ዳንቴል የሚሠራበት መንገድ ነው ብዬ ሳነብ ዋልኩ። በዚያ ዘመን ግን ቃሉ ማሰሪያ ገመድ ማለት ነው። እንግሊዞች የጫማ ማሰሪያን እስከ ዛሬ በዚያው ቃል ነው የሚጠሩት፤ እግሬ ላይ ነበር፣ አላየሁትም። ሁለተኛው «ቦው» ነው። ዛሬ ቀስትም የሪባን ቋጠሮም ሊሆን ይችላል፤ እዚያ ግን ታጥፎ ጣት ላይ የሚገባ የክር ቀለበት ነው። «አምስት ቦው ውሰድ» ሲል አምስት የክር ቀለበቶች አዘጋጅ ማለቱ ነው። ቁጥሮቹን በሮማ አኃዝ ስለሚጽፍ አምስት አንዲት የ«ቪ» ፊደል ናት፤ የግዕዝ ጽሑፍ ላይ ፭ን ከቃሉ ለይቶ ማየት የለመደ ዓይን ይህን ቶሎ ይለምደዋል።

የፊደሉ አጣጣል ካስቸገራችሁ አትፈሩ። ዛሬ ጽሑፉን ወደ ዘመናዊ ፊደል የገለበጡት ሰዎች አሉ፤ ከሁሉም በላይ ስዊዘርላንዳዊቷ ኖኤሚ ስፓይዘር እነዚህን የእንግሊዝ መመሪያዎች አንድ በአንድ በክር እየሠራች ምን እንደሚሉ ያወጣች ሰው ናት። ጃፓናዊቷ ማሳኮ ኪኖሺታ ደግሞ ቀለበት በእጅ ይዞ መጎንጎን በጃፓንም የቆየ ሙያ እንደነበረ አሳይታለች። የእነሱን ሥራ ቀድሜ አግኝቼ ቢሆን ኖሮ ሦስት ሳምንት ይተርፈኝ ነበር። ግን ደግሞ ያ የተከፈለው ገመድ ያስተማረኝን አላገኝም ነበር።

ጽሑፉ ለጣቶች ስም ይሰጣል፤ ደግነቱ እዚህ ላይ ነው። አውራ ጣት ሥራ ስለሌለው ስም የለውም። ጠቋሚው በላቲን ፊደል የመጀመሪያው ነው፣ የመሐሉ ሁለተኛው፣ የቀለበት ጣት ሦስተኛው፣ ትንሿ አራተኛው። እኔም ወደ አማርኛ ስመልሰው ያለ ብዙ ሐሳብ ሀ፣ ለ፣ ሐ፣ መ ብዬ ጻፍኩ። ይህን ሥራ ስትሠሩ ሁለቱም እጆቻችሁ በክር ስለሚያዙ ገጽ መግለጥ አትችሉም፤ የሚያነብላችሁ ሰው ያስፈልጋል። ከእኔ በታች ባለው ፎቅ የሚኖሩ፣ በልጅነታቸው ጎጃም ጥጥ ሲፈትሉ ያደጉ አንዲት እትዬ አሉ። ወደ ቤታቸው ወርጄ ወረቀቱን ሰጠኋቸው። መነጽራቸውን አድርገው ማንበብ ጀመሩ፦

«የቀኝ ሀ፣ በለና በሐ ውስጥ አልፎ፣ የግራውን መ ይወስዳል።»

ጠቋሚ ጣቴን በሁለቱ ቀለበቶች ውስጥ ላሳልፍ ስል ተምታታብኝ።

«እትዬ፣ የትኛው ሀ ነው ያሉኝ?»

«የመጀመሪያው ሃሌታው ነው። ሁለተኛው ሐመሩ ነው።»

«እሺ፣ ሃሌታው በሐመሩ ውስጥ ያልፋል ማለት ነው?»

ወረቀቱን አስቀመጡና ከመነጽራቸው በላይ አዩኝ። «ልጄ፣ አንቺ ደግሞ ከስንት ፊደል መካከል ድምፃቸው አንድ የሆኑትን ለቅመሽ ታመጫለሽ? አባቴ ፊደል ሲያስቆጥሩን ሀለሐመን ከጨረስን በኋላ አበገደን ያስደግሙን ነበር። በአበገደ አታደርጊውም?»

አ፣ በ፣ ገ፣ ደ። ለካ ራሱ የላቲኑ ተራም ከዚያው ዘር የመጣ ነውና አንድ ለአንድ ገጠመ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ጠቋሚው አ፣ የመሐሉ በ፣ የቀለበት ጣት ገ፣ ትንሿ ደ ናቸው፤ እዚህም እንደዚያው እጠቀማለሁ። የቀለበት ጣት የሚለውን ስም ጨርሶ ተዉት፤ ቀለበት የሚባለው ክሩ ነውና ሁለቱ ሲገናኙ ማንም ሰው ይጠፋበታል።

አሁን ወደ ክቡ የአምስት ቀለበት ገመድ እንምጣ። መጀመሪያ የሚሠራው ይህ ነው፤ ሌሎቹ አብዛኞቹ የዚህ ልጆች ናቸው።

ለመማሪያ የሚሆነው ለስላሳና ጠንካራ የዳንቴል ክር ነው። የሹራብ ክር አትጠቀሙ፤ ፀጉራም ስለሆነ እርስ በርሱ ይያያዝና አይጠብቅም። ሐርም ለጊዜው ይቆይ፤ ውድ ነው፣ ደግሞ ከጣት ይንሸራተታል። አንድ ሜትር ቀይና አንድ ሜትር ነጭ ክር ቆርጣችሁ ጫፍ ለጫፍ ቋጥሯቸው። እንዲህ ዓይነት አምስት አዘጋጁ። የሁሉንም ነፃ ጫፎች፣ አሥሩንም ማለት ነው፣ አንድ ላይ አስራችሁ ከደረታችሁ ትይዩ በሆነ መንጠቆ ላይ ስቀሉ። እኔ የምጠቀመው የበር እጀታ ነው። አሁን እያንዳንዱ ቀለበት ግማሹ ቀይ ግማሹ ነጭ ሆኖ፣ ቀይና ነጩን ያገናኘው ትንሹ ቋጠሮ ጣታችሁ ላይ ያርፋል። ቀለሙን ለምን እንደፈለግሁት ወደ በኋላ ይገባችኋል። እውነቱን ለመናገር መጀመሪያ እንዲህ ያደረግሁት ነጭ ክሬ ስላልበቃኝ ነው።

መዳፎቻችሁ ይተያዩ፣ አውራ ጣቶቻችሁ ወደ ላይ ይሁኑ። በግራ እጅ ሦስት ቀለበቶች በበ፣ በገ እና በደ ላይ፤ በቀኝ እጅ ሁለት ቀለበቶች በበ እና በገ ላይ። ሁለቱም አዎች ባዶ ናቸው። በሁሉም ቀለበቶች ላይ ቀዩ ክር ወደ ላይ ይሁን። ከዚያ የቀኝ አ በራሱ እጅ ባሉት በበ እና በገ ቀለበቶች ውስጥ ያልፋል። በመካከላቸው አይደለም፣ በላያቸውም አይደለም፣ በውስጣቸው ነው፤ ልክ ክር በመርፌ ቀዳዳ እንደሚገባ። አልፎ ሄዶ የግራውን የደ ቀለበት ይወስዳል፣ ይዞትም በመጣበት መንገድ ይመለሳል። የግራ ደ ለቀቀ፤ አሁን ቀኙ ሦስት፣ ግራው ሁለት ሆነ።

ቀጥሎ ጽሑፉ «ዝቅ አድርግ» ይላል። በቀኝ እጅ የገን ቀለበት ወደ ደ፣ የበን ወደ ገ፣ የአን ወደ በ ማውረድ ነው። ተራው ከታች ወደ ላይ መሆን አለበት፤ ባዶውን ደ ቀለበት ሳታስይዙ ከአ ከጀመራችሁ ሁለት ቀለበት አንድ ጣት ላይ ተደርቦ ይቀላቀላል። አውርዳችሁ ስትጨርሱ የቀኝ አ ባዶ ነው፤ ግራው ደግሞ በበ እና በገ ላይ ሁለት ይዟል፣ የግራ አም ባዶ ነው። መጀመሪያ የነበረው ሁኔታ በመስታወት ውስጥ ታየ ማለት ነው። እጆቻችሁን ግራና ቀኝ ዘርግታችሁ ክሩን አጥብቁ። ከዚያ ያንኑ በግራ አ ድገሙ። እንዲህ እየተፈራረቁ እስከ መጨረሻው ድረስ ይሄዳል።

እጅ ሲለምደው ዜማ አለው፤ ማለፍ፣ መውሰድ፣ ማውረድ፣ መዘርጋት። እናቴ ሹሩባ ስትሠራኝ ጭንቅላቴን በጉልበቷ መካከል ይዛ ሌላ ሰው እያነጋገረች ነበር። እንደዚያ እስክትሆኑ ድረስ ከሰው ጋር አታውሩ።

አሁን ወደ ተከፈለው ገመድ እመለሳለሁ። ከላይ «ይወስዳል» ብዬ ያለፍኩት ነገር አለ። ጽሑፉ እንደዚያ አያልፈውም፤ ቀለበት በሚወሰድበት ቦታ ሁሉ ተገልብጦ ወይም ሳይገለበጥ ብሎ ይለያል። መግቢያው ላይም ሊያስረዳ ይሞክራል፤ ገልብጠህ ስትወስድ በውጭ በኩል ያለውን ክር ያዝ፣ ሳትገለብጥ ስትወስድ በውስጥ በኩል ያለውን ያዝ ይላል። ግልጽ ይመስላል። እኔም ግልጽ መስሎኝ ነበር። ነገር ግን ውጭና ውስጥ የሚባለው መዳፋችሁን በያዛችሁበት ሁኔታ ይወሰናል። መዳፋችሁን ትንሽ ወደ ላይ ካዞራችሁት ውጩ የት ነው? ያን የጻፈው ሰው እጅ እንዴት ይያዝ እንደነበረ ጽሑፉ ላይ አይታይም፤ ለሱ ግን እንደ መተንፈስ ነበር። እናቴ የበርበሬ አዘገጃጀት በስልክ ስትነግረኝ «ጨው እስኪበቃው» እንደምትለው ነው። ስንት ነው ብላት «አታይውም እንዴ?» ነው መልሷ።

እኔ ገለበጥኩ ብዬ ሳስብ ሳልገለብጥ ነበር የምወስደው። በዚህ ጊዜ የሚሆነው እንዲህ ነው፤ የየቀለበቱ የላይኛው ክር ሁልጊዜ ላይ እንደሆነ፣ የታችኛውም ሁልጊዜ ታች እንደሆነ ይቀጥላል። የላይኞቹ አምስት ክሮች ከላይኞቹ ጋር ብቻ ይጎነጎናሉ፣ የታችኞቹ ከታችኞቹ ጋር። ሁለቱ ንብርብሮች ጎረቤት ሆነው ሳይተዋወቁ ያልቃሉ። ቀዩን ሁሉ ወደ ላይ አድርጌ ስለጀመርኩ አንዱ ቀይ፣ አንዱ ነጭ ጉንጉን ወጣ። ቀለሙ ባይኖር የሆነውን ነገር ለመረዳት ብዙ እደክም ነበር።

ሻዩን ይዤ ተመልሼ ሁለቱን ገመዶች እያየሁ የገባኝ ይህ ነው። በነጋታው አዲስ ቀለበት ሠራሁና በአንድ እጅ ብቻ ገለበጥኩ፤ ቀኙ ሲወስድ ቀዩ ታች፣ ነጩ ላይ እንዲሆን ጠመዘዝኩት፣ ግራው ሲወስድ እንዳለ ተውኩት። የወጣው ለሁለት የታጠፈ ነገር ነበር፤ በአንድ ጠርዙ ብቻ የተያያዘ። ጠርዙን ይዤ ስዘረጋው እንደ መጽሐፍ ተከፍቶ እጥፍ ስፋት ያለው ጠፍጣፋ ጥብጣብ ሆነ። በሦስተኛው ቀን በሁለቱም እጅ ገለበጥኩ። አሁን ቀዩም ነጩም በሁሉም በኩል እየተቀያየሩ ብቅ የሚሉበት፣ በጣት ሲዳሰስ ጠንካራና ሙሉ የሆነ ገመድ ተሠራ። ክብ የሚለው ይህንን ነው።

ሦስቱም አንድ ዓይነት እንቅስቃሴ ናቸው፤ ልዩነታቸው መገልበጥ ብቻ ነው። የድሮዎቹ ይህን አሳምረው ያውቁታል፤ ስሱን፣ ሰፊውንና ክቡን የአምስት ቀለበት ገመድ ለየብቻ ስም ሰጥተው ይጽፋሉ። እኔ የወደቅሁ መስሎኝ ወንበር ላይ የጣልኩት ከራሳቸው ሥራዎች አንዱን ነበር።

ስለዚህ ምክሬ ይህ ነው። «ተገልብጦ» የሚለውን ቃል በመዝገበ ቃላት አትከራከሩት፣ ውጭና ውስጥ የትኛው ነው ብላችሁም አትጨነቁ። ባለ ሁለት ቀለም ቀለበት ሥሩና ዓይናችሁን ክሩ ላይ ጣሉ። ከመውሰዳችሁ በፊት ቀዩ ላይ ከነበረ፣ ከወሰዳችሁ በኋላ ነጩ ላይ ከሆነ ተገልብጧል። ካልሆነ አልተገለበጠም። የምትሠሩት ገመድ ጽሑፉ ከሰጠው ስም ጋር የማይገጥም ከሆነ፣ መጀመሪያ የምትጠረጥሩት ይህንን ይሁን።

ሁለተኛው የምትጠረጥሩት ቆጠራውን ነው። ሁለቱም እጆች አንድ አንድ ጊዜ ከሠሩ በኋላ መጀመሪያ ቀለበት የያዙት ጣቶች ሁሉ እንደገና አንድ አንድ ቀለበት መያዝ አለባቸው። ካልያዙ አንድ ነገር ተዘሏል። ብዙውን ጊዜ የዘለላችሁት እናንተ ናችሁ። ግን ጸሐፊም ሰው ነው፤ በእጅ የተገለበጠ መጽሐፍ ያነበበ ሁሉ የዓይን መዝለል ምን እንደሚያደርግ ያውቃል። ጽሑፉ በሚለው መሠረት ስድስት ሰባት ጊዜ ሞክሬ ቆጠራው እምቢ ሲለኝ፣ ጎረቤቱ ያለውን መመሪያ አይቼ የጎደለውን ጣት እሞላለሁ፤ ከዚያም እሠራዋለሁ። ገመዱ ከያዘ ያዘ።

ስለ እጅ ሥራው የቀሩኝ ጥቂት ነገሮች አሉ። ቀለበቶቹ ርዝመታቸው እኩል ካልሆነ ምንም ብታደርጉ ገመዱ ይዞራል፤ ፈታችሁ እንደገና እሰሩ። ከአንድ ሜትር ቀለበት የሚወጣልኝ ከ65 እስከ 70 ሴንቲ ሜትር የሚሆን ገመድ ነው። ከዚያ በላይ የሚረዝም ቀለበት ስትይዙ ክንዳችሁ ተዘርግቶ ስለሚያልቅ ገመዱ አይጠብቅም፤ ሌላ ሰው መንጠቆው አጠገብ ተቀምጦ በየዙሩ ክሩ የሚጋጠምበትን ቦታ በጣቱ ወደ ላይ መታ መታ ማድረግ አለበት። ስልክ ሲጠራ ወይም በር ሲንኳኳ ቀለበቶቹን የት ታደርጓቸዋላችሁ? እኔ ጥርሱ ሰፊና ረጅም የሆነ ሚዶ አለኝ፤ እያንዳንዱን ቀለበት እንደ ተራው አንድ አንድ ጥርስ ላይ አስገብቼ እነሣለሁ። አንድ ጊዜ ብቻ በእርሳስ ላይ ደርድሬያቸው ሄጄ ነበር። ስመለስ ድመቷ ቀድማኝ ነበር።

ይህ ሥራ ዛሬ የመዝናኛ ይመስላል፤ በዘመኑ ግን እንጀራ ነበር። ለንደን ውስጥ ሐር የሚያጠነጥኑ፣ የሚፈትሉና ጥብጣብና ገመድ የሚሠሩ ሴቶች ነበሩ፤ የወንዶቹን ሙያዎች የሚመስል የራሳቸው ማኅበር አልነበራቸውም። ሆኖም በ1455 ከጣሊያን ነጋዴዎች የሚገባው የተሠራ የሐር ዕቃ ሥራችንን ገደለው ብለው ለፓርላማ አቤት አሉ፤ ጥብጣብና ገመድን ጨምሮ የተሠራ የሐር ዕቃ ከውጭ እንዳይገባ የሚከለክል ሕግም ወጣላቸው። ቱታ ለብሶ ከቻይና የመጣ ጥለት ሲያራግፍ የማየውን ነጋዴ ባየሁ ቁጥር ትዝ ይሉኛል። የሠሯቸው ገመዶች ወንዶች የእግር ልብሳቸውን ከላይኛው ልብሳቸው ጋር ያስሩባቸው ነበር፣ የገንዘብ ከረጢት ይንጠለጠልባቸው ነበር፣ በሰም የታተመ ማኅተም ከውል ወረቀት ጋር ይያያዝባቸው ነበር። ለንደን ውስጥ መሬት ሲቆፈር ከወጡት የዚያ ዘመን ጨርቆች መካከልም በቀለበት የተጎነጎኑ ገመዶች ተገኝተዋል።

ከአምስት ቀለበት በላይ የሚሄድ ሰው «ጓድህ» የሚለው ቃል ይገጥመዋል። አንዳንዶቹ ገመዶች በሁለት ሰው ነው የሚሠሩት፤ ጎን ለጎን ተቀምጠው ሁለቱም የየራሳቸውን ይጎነጉናሉ፣ ከዚያ ጎረቤት በሆኑት እጆች መካከል ቀለበት ይለዋወጣሉ። ያ ልውውጥ ሁለቱን ገመድ አንድ ሰፊ ጥብጣብ ያደርገዋል። ጓዴ ያው የታችኛው ፎቅ እትዬ ናቸው። ጥጥ የፈተለ እጅ ክር ሲላላ ሳያየው ያውቃል፤ በሁለት ምሽት ቀደሙኝ። የመጀመሪያው ሥራችን ግን እንደ ጎራዴ ጎበጠ። እሳቸው አጥብቀው ይስባሉ፣ እኔ አላላለሁ፣ ስለዚህ የሳቸው ጎን አጠረ።

«እትዬ፣ ትንሽ ላላ ያድርጉት እባክዎ።»

«አንቺ አጥብቂ እንጂ እኔ ለምን አላላለሁ? የላላ ነገር ምን ያደርጋል?»

አጠበቅሁ። ለጀማሪ ሁለት ሰዎች የምለው ይህንኑ ነው፤ የሚያጠብቀውን አታለማምጡት፣ የሚያላላው ይጠንክር።

የደንበኛዬን ገመድ አንድ ሜትር ከሃያ አድርጌ በሰማያዊ ሐር ሠራሁላት፤ መንጠቆው ዘንድ ተቀምጠው መታ መታ ያደረጉልኝ እትዬ ናቸው። ሐሩ ከጥጡ በጣም ስለሚቀጥን ቀለበቱን በአንድ ክር ሳይሆን በስድስት ክር ደርቤ ነው የሠራሁት። ሁለቱን ጫፎች ቀዳዳው ውስጥ እንዲገቡ በቀጭን የናስ ቆርቆሮ ጠቅልላ የዘጋችው ራሷ ናት። ቀሚሱን ለብሳ ደረቷ ላይ ስታስረው ገመዱ አልተዘረጋም፣ አልተንሸራተተም፤ በማሽን የተሠራው ገመድ እኩሉን እንኳን እንደዚያ ሲይዝ አላየሁም። ጠባብ ቦታ ላይ እየተሳበ የሚያልፍ ገመድ ክቡ ይሁን። ጠፍጣፋው ቀዳዳ ውስጥ ይጨማደዳል፤ እሱ ለልብስ ጠርዝ ነው። የሚከፈለው ስስ ደግሞ እጅጌ ላይ ለጌጥ ያምራል።

እትዬ ባለፈው ሳምንት የልጅ ልጅ አገኙ፤ ሴት ናት። ክርስትናዋ በሰማንያኛው ቀን ነው። ትናንት ማታ ጥቁር ሐር ይዘው መጡና ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡት።

«ለማተብ የሚሆነው የትኛው ነው? ክቡ ነው አይደል?»

«ክቡ ነው። ግን ጥቁር በጥቁር ስለሆነ መገልበጡ አይታየንም።»

«እሱንስ ጣቴ ያውቀዋል» አሉና የበሩ እጀታ ዘንድ ሄደው ተቀመጡ።